ቀለበት ያሰረው ወፍ

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.
ከወንዛዬ ፍልውኃ በላይ፣ ከቤትህ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአያ ደምሴ፤

የጫካው ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ግን አልልህም። ይህን ወረቀት አባ ገብረመድኅን በዳዊታቸው ማኅደር ሸሽገው ያደርሱልሃል። ወሬው ቀድሞኝ እንደደረሰህ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከእኔም ስማው።

በሬዎቹን ባንዳ ከነዳብን ወዲህ የታችኛው ማሳ ጦሙን አድሯል። የላይኛውን በዶማ ቆፍሬ ገብስ ዘራሁበት፤ አምሮ ያዘ። እንደ ድሮው ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ እጠብቃለሁ፤ ጥበቃ ካልከው ነው። ያን ዓመት ወፍ ሳይ ውዬ ገብሱ ሲበላ፣ «የወፍ ዘመድ አግብቼ!» ብለህ የሳቅኸው ትዝ ይልሃል? ዘንድሮ ብታየኝ ምን ልትል ነበር። ባልታረሰው ማሳ ውኃ ተኝቶ፣ ሣሩ ጉልበት ደርሶ፣ አይቻቸው የማላውቃቸው ወፎች መጡ። አንዷ ከድንቢጥ አትበልጥም፤ ሆዷ እንደ አደይ ቢጫ ነው፤ ጅራቷን ከመነቅነቅ አታርፍም። ሌላው ተቀምጦ ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሲነሣ ግን ክንፉ ሰማያዊ ነው። ስማቸውን የሚነግረኝ ስላጣሁ ራሴ አወጣሁላቸው። በዚህ ክፉ ዘመን ደስ አለኝ፤ እያፈርኩም ደስ አለኝ።

መዘዙን ያመጣብኝ ይኸው ደስታዬ ነው። ጥቅምት ሲያልቅ አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ መጣ፤ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ አፉና እግሩ ቀይ። ወፍ ላባርርበት ቅል አንጠልጥዬ የወጠርኩት ገመድ እግሩን ያዘው። ልፈታው ወርጄ ሳይ እግሩ ላይ የብረት ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ላይ የፈረንጅ ፊደል ተቀርጿል። ዝም ብዬ በለቀቅኩት ኖሮ። ገርሞኝ ጎረቤታችንን ውድነሽን ነይ እዪልኝ ብዬ ጠራኋት። እሷ ጮኸች፤ አገሩ ተሰበሰበ። የጣሊያን መልእክተኛ ነው፣ እግሩ ይቆረጥና ቀለበቱ ይታይ አሉ። ወፉን አቅፌው ልቡ በክንዴ ላይ ይመታል። እግሩን አላስቆርጥም አልኩና ገመዱን በማጭድ በጥሼ ለቀቅኩት።

ምነው እንደ ውኃ ወፍ ቁልቁል ወደ ሐይቁ በበረረ። አንድ ጊዜ ዞረና ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጣሊያን ምሽግ አቀና። ሁሉም አየ። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ጓደኛህ ዘውዱ ከጫካ መጣ። ቤታችን መጥቶ ሳይበላ የሄደበት ቀን አልነበረም። የእጅ ውኃ ባቀርብለት ግን እጁን አልዘረጋም፤ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደጃፉ ጋ ተቀመጠ።

«እቴ ትርንጎ፣ በወፉ ምን ላክሽ?» አለኝ።

«ገመዴን ይዞ ሄዷል፤ እሱን ቁጠረው» አልኩት። አልሳቀም።

«ማን ነው ጠይቃት ያለህ?» ስለው የለበሰውን ጋቢ ሰብሰብ አደረገ። ጋቢውን አወቅኩት፤ ጫፉን በቀይ ክር የጠቀምኩልህ ነው። ብርድ ይዞት ሰጥተኸው ይሆናል ብዬ ሌላ አልጠየቅኩም።

አያ ደምሴ፣ ቀለበቱን ማን እንዳሰረለት አላውቅም። የፈረንጁን ፊደልም አላነብም፤ መሪጌታ አባቴ ያስተማሩኝ ዳዊት ነው። ምስክር የለኝም፤ ምስክሬ በርሮ ሄዷል። አንተ ግን ታውቀኛለህ። ገብስህን ለወፍ ያስበላሁ እኔ ነኝ፤ አንተን ለጣሊያን የምሰጥ ግን አይደለሁም። ይህን መጻፍ ማስፈለጉ ራሱ አመመኝ።

ትናንት ማለዳ ሌላ እንግዳ ወፍ አየሁ። አፉ ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ ነው፤ ጭቃውን እየወጋ ሲሄድ ቀስ ብሎ ነው። የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ለአንተ ጻፍኩት።

ከእንግዲህ ሰው አትላክብኝ፤ ራስህ ና። ጠመንጃህን ይዘህም ቢሆን ና፤ አልቀየምም። ብቻ አስቀድመህ እጅህን ታጠብና ከመሶቤ ብላ፤ ከዚያ የፈለግኸውን ጠይቀኝ።

እመ ብርሃን በክንፏ ትጋርድህ፤ ጥይቱን ከአንተ ታርቀው።

የወፍ ዘመድ ያልካት ሚስትህ፣
ትርንጎ