ጭልፋው አይዋሽም

ሬዣን፣

ከዚህ በታች የጻፍኩት ውሸት ካለበት የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ።

የዘንድሮውን የመጨረሻ የሜፕል ዛፍ ጭማቂ ብቻዬን አፍልቼ ጣፋጭ ሽሮፕ አደረግኩት። አንተ ኬቤክ ከተማ ጥርስህን ስታስነቅል፣ እኔ ሰባት ሰዓት ሙሉ ዓይኔን ከድስቱ ሳልነቅል ቆሜያለሁ። ቴርሞሜትርህን ከመሳቢያው አላወጣሁትም። "ውሃ ከሚፈላበት አራት ዲግሪ ሲያልፍ አውርድ" እያልክ አስራ አንድ ዓመት አደነቆርከኝ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት እንጨት ከማቀበል በቀር ጭልፋ አስነክተኸኝ አታውቅም።

ጭልፋውን ነክሬ አነሳሁት። ጠብታዎቹ ጠርዙ ላይ ተያያዙና እንደ መጋረጃ ተዘረጉ። መጋረጃ ስልህ የቤተክርስቲያን መስኮት የሚሸፍን። ሽሮፑ መድረሱ በዚህ ይታወቃል፤ ወዲያው ከእሳት አወረድኩት።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ጠርሙስ እሱ ነው። ቅመሰውና በሚቀጥለው ዓመት ጭልፋውን ማን እንደሚይዝ ንገረኝ።

የአተር ሾርባ ምድጃው ላይ አለልህ። ለድድህ እንዲስማማ አቅጥኜዋለሁ።
ድመቷ በልታለች፣ ብትለምንህም አትስማት።
ትልቁን ድስት አትፈልገው። ከጎተራው ጀርባ ዘፍዝፌዋለሁ፣ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።
የአባትህ መሆኑን አውቃለሁ።
እንጨት ልፈልጥ ጫካ ወርጃለሁ። ለእራት አትጠብቀኝ።

ኦዲሎን

(ከስሩ፣ በእርሳስ)

ሬዣን፣ ድመቷን ላያት ገብቼ አነበብኩት። ጠርሙሱ ከእኔ ቤት የመጣ ነው። የእናንተው ሲያርር ኦዲሎን እኔ ኩሽና ተቀምጦ ስለ ጭልፋው እያጫወተኝ ነበር። የመጋረጃውን ስፋት እጁን ዘርግቶ ሲያሳየኝ ጭሱን በመስኮት አየነው።

ጎረቤትህ ሉሴት