ሦስት ወንበር በአንድ የኋላ መቀመጫ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ እኔ ካለሁበት ብርድ አንቺ ካለሽበት ሙቀት ድረስ በደህና ይድረስሽ። ዳሌሽ እንዴት ነው? ያለ ምርኩዝ እስከ ደጅ መውጣት ጀመርሽ ወይስ ልጅሽ አሁንም እንደ እንቁላል ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም፤ ጉልበቴም የታመመው በመልካም ነገር ስለሆነ አላማርርም። ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ ሰላም ብለውሻል። ጌርዳ ደግሞ ያንቺን የድንች ቂጣ የሚያህል የሚጋግር እስካሁን አልተገኘም፤ እሷ ራሷ ሞክራ ውሻዋ እንኳ እንዳልበላላት ንገሪልኝ ብላኛለች።

የፖስታው ውፍረት እንደገረመሽ አውቃለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ከአንድ ገጽ የማያልፍ ነው የምጽፍልሽ። ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ሦስቱም ገቡ፣ እታለም። በልጅሽ በማሪት መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ ሦስት የልጅ ወንበር ጎን ለጎን ገባ። አንቺ "ይሄ ምኑ ነው ደስታው" ትዪ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ማሪት ልጆች በአደራ ተቀብላ ልታሳድግ እንደሆነ በስልክ ነግራሻለች። አንቺም "አንድ ይበቃሻል፤ ያንቺ እግር ለራስሽም አይበቃ" ብለሻታል። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ ሳቋ ግን ግማሽ ነበር። ፈርተሽላት እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዌስሊ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቴስ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ኦረን ገና ዓመት አልሞላውም። እንደ ሸቀጥ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይቻልም።

የልጆች ጉዳይ ሠራተኛዋ ሎሬይን ባለፈው ሰኞ ቤቱን ልታይ መጣች። አልጋውን፣ የመድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ፣ የምድር ቤቱን ደረጃ ሁሉ አየችና ወደደችው። ከዚያ ስትወጣ ደጅ የቆመውን መኪና አየች። "ሦስቱን በምን ልትወስጃቸው ነው?" አለቻት። ማሪት "በዚሁ ነዋ" አለች። ሎሬይን አጎንብሳ በመስኮቱ ተመለከተችና "የኔ እህት፣ እዚህ ሁለት ወንበር ከገባ መሃል ላይ የሚቀረው ለእጅ ቦርሳ ነው" አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስትናገር ራሷም ከፍቷት ነበር። እስከ ዓርብ ሦስት ወንበር በትክክል ታስሮ፣ የሚያውቅ ሰው አይቶ ካልፈረመበት፣ ሕፃኑ ወደ ሰሜን የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ላለ ሌላ ቤተሰብ ይሰጣል አለች። ትልቅ መኪና መግዛት ደግሞ በአራት ቀን የሚሆን አይደለም።

ሎሬይን ከሄደች በኋላ ማሪት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "አክስቴ፣ ዌስሊ የወንድሙን እግር ካልያዘ አይተኛም አሉኝ" አለችኝ። እኔም "እስቲ የስፌት ሜትሬን ከመሳቢያ አምጪልኝ" አልኳት።

የኋላ መቀመጫው ከበር እስከ በር ሃምሳ ኢንች ሆነ። ታውቂኛለሽ፤ ትምህርቴን በአሥራ አምስት ዓመቴ ብተወውም የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳልጨርስ አልተወውም። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስለ ልጅ ወንበር የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ሠራተኛው "ፈተና አለብሽ እንዴ?" ብሎ ሲቀልድብኝ "አዎ፣ ዓርብ ነው" አልኩት። ለካ ወንበሩ እንደ ወተት የማብቂያ ቀን አለው። ለካ ስፋቱ የሚለካው መቀመጫው ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ፣ ከሁሉ የሚሰፋበት ቦታ ላይ ነው። ለካ ሁለት ወንበር ተጣብቀው የመኪናውን ቀበቶ መቆለፊያ ከዋጡት ሦስተኛው ልጅ አይታሰርም።

ረቡዕ ሱቅ ሄድን። የተደረደረውን ወንበር አንድ በአንድ ስለካ አፍንጫዋን የተበሳች ሻጭ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና "እማማ፣ ሱሪ ሊያሰፉለት ነው?" አለችኝ። "ወገቡ ነው ያስቸገረኝ" አልኳት። ያቺ ልጅ ወደደችኝና ከመጋዘን ጠባብ ጠባቡን እያወጣች ትደረድርልኝ ጀመር። የጠባቡ ጠባብ አሥራ ሰባት ኢንች ሆነ። ሦስት ጊዜ አሥራ ሰባት ሃምሳ አንድ ነው። አንድ ኢንች። ማሪት "እንግዲህ በሩን አልቀድደው ነገር" ብላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ልጅቷ እስከ ዓርብ ሳይቆሽሹ ከመጡ መመለስ ይቻላል ስላለችን ሦስቱን ይዘን ወጣን።

እቤት ስንደርስ አንድ ነገር መጣልኝ። የገበያ ወረቀት ከረጢቶቹን ቀደድኩና፣ ለቀሚስ ልክ እንደማወጣው አድርጌ የየወንበሩን ቅርጽ ከላይ እያየሁ ቆረጥኩ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሃምሳ ኢንች አሰመርኩና ደረደርኳቸው። ትከሻ ከትከሻ ጋር ይጋጫል። በእግራቸው በኩል ግን ባዶ ቦታ ነበር። እናታችን ጨርቅ ሲያጥራት እጅጌ እንዴት ትቆርጥ እንደነበር ትዝ ይልሻል? አንዱን ሽቅብ፣ አንዱን ቁልቁል አስተኝታ፣ ሰፊው ከጠባቡ ጎን እንዲገባ። የመሃሉን ወረቀት ገለበጥኩት። ትከሻው በሁለቱ እግር መካከል ሄደና ገባ፣ ያውም አንድ ጣት ተርፎ። ሕፃኑ እንደሆነ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ነው መቀመጥ ያለበት፤ እኛ ግን ጥግ ላይ ነበር ያሰብንለት። መሃል ሲሆን ወንድሙም እህቱም ይደርሱበታል። ማሪትን ስጠራት ያ ሁሉ ጩኸት ከእኔ መውጣቱ ገርሟት እሳት የተነሳ መስሏት መጣች።

ሐሙስ ጠዋት እሳት አደጋ ጣቢያ ሄድን። እዚያ ዱዌን የሚባል፣ የልጅ ወንበር የሚፈትሽ ሰው አለ። አባቱ ወፍጮው ጋ የነበረው ነው፤ ታስታውሺዋለሽ። ክንዱ እንደ ግንድ ነው፤ ግን ጣቱን አላነሳም። "እኔ ካሰርኩት ነገ መንገድ ላይ ሲላላ ማን ያጠብቀዋል? የምታስሩት እናንተ ናችሁ፤ እኔ አፌን ብቻ ነው ይዤ የመጣሁት" አለ። ማሪት በዚያ እግሯ በበሩ መታጠፍ ስላቃታት እኔ ገባሁ። ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ በጉልበቴ እየተጫንኩ ቀበቶውን ስስብ ዱዌን "ክብደትዎ ስንት ነው እናቴ?" አለኝ። "ለባሌም ነግሬው አላውቅ" ስለው "እንግዲያው ያልነገሩትን ሁሉ እዚያው ይጣሉበት" አለ። ሦስቱም ወንበር እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ አለ። የዌስሊም መቆለፊያ አልተዋጠም፤ ማሪት እጇን ሰድዳ ዘጋችው።

በአንድ ነገር ብቻ ወደቅን። ለሦስቱም በጥጥ የተሞላ ካፖርት ሰፍቼ ነበር፤ በእኛ አገር በኅዳር ልጅን ያለ ካፖርት የሚያወጣ ማን አለ? ዱዌን አንዱን ለመለማመጃዋ አሻንጉሊት አለበሰና ይሰሯት አለኝ። እስኪበቃኝ አጠበቅኩ። ከዚያ ማሰሪያውን ሳያላላ ካፖርቱን ብቻ አወለቀው፤ በአሻንጉሊቷና በማሰሪያው መካከል ጡጫው ገባ። "ካፖርቱን ነው ያሰሩት፣ ልጁን አይደለም" አለኝ። ካፖርቶቹ ለጓሮ ጨዋታ ይሆናሉ። ለመኪና ከታሰሩ በኋላ ከላይ የሚደረብ ብርድ ልብስ ቆርጬላቸዋለሁ።

በመጨረሻ ዱዌን የአሻንጉሊቷን መቆለፊያ ጠቅ አድርጎ ዘጋና በሁለት እጁ ናጠው፣ መታው። "ይሄ በራሱ አይፈታም። የድሮዎቹም ቢሆኑ አንዴ ጠቅ ካሉ ሰው ካልነካቸው አይፈቱም" አለ። ማሪት ሳቅ ብላ "በልጅነቴ የመኪና አደጋ ሲደርስብን የእኔ ተፈትቶ ነበር እኮ። ኤይናር አጎቴ ሳያጠብቀው ቀርቶ" አለችው፤ እግሯን መታ መታ አድርጋ። ዱዌን እሷን እያየ "በደንብ ያልገባማ መጀመሪያውኑ ጠቅ አይልም" አለ።

ነፍሱን ይማረውና ባሌ ኤይናር "ጠቅ ሲል ሰምቻለሁ" ይል እንደነበር ታስታውሻለሽ። በኋላ በኋላ ሁላችሁም አላጠበቅከውም እያላችሁ ስትነግሩት ራሱም ጆሮውን ማመን ተወ። እስኪሞት ድረስ ማሪት ስታነክስ ባየ ቁጥር ዓይኑን መሬት ላይ ይተክል ነበር። ቀብሩ ዕለት እጄን ይዘሽ "ስለዚያ ማሰሪያ ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ" አልሽኝ። እኔም አመሰገንኩሽ። አደጋው የደረሰ ዕለት መኪናው ውስጥ ልጅሽ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፣ እታለም። ዱዌን ያን ሲናገር ጀርባዬን ሰጥቼ እንደተንበረከክሁ "አውቃለሁ" ብዬ መለስኩለት። ማሪት የሰማችኝ አልመሰለኝም።

ዱዌን ፈረመ። ዓርብ ሎሬይን ልጆቹን አመጣች። መኪናውን ከፍታ አይታ አይታ "ይሄን ማን ሠራው?" ስትል ማሪት "አክስቴ ሰፋችው" አለቻት። ዌስሊ ወደ ቦታው ገብቶ ሳይጠየቅ የሕፃኑን እግር ያዘ። ማሪት መሪውን ይዛ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፤ እኔም እንደዚያው።

ወደ ቤት አሥራ አንድ ማይል ነው። ሁለተኛው ማይል ላይ ቴስ ማልቀስ ጀመረች። አዲስ ቦታ ነው፣ ማሰሪያው ያዛት፣ እኛን አታውቀንም። "ፍቺኝ" አለች። ለማሪት አይደለም፣ ለእኔ ነው፤ ልጆች ማን እንደሚሸነፍላቸው ያውቃሉ። "ፍቺኝ፣ ትንሽ ብቻ፣ ፍቺኝ።" ማሪት ያኔ በአደጋው ዕለት ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እሷም ይህንኑ ቃል ነበር የምትለው፤ ድምፁ እንኳ አንድ ነው። ቴስ ፊቷ እስኪቀላ፣ ሳል እስኪይዛት አለቀሰች። ማሪት "አክስቴ ምን እናድርግ?" አለችኝ። "ንጂ" አልኳት። ወደ ኋላ ዞሬ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ ዘመርኩላት፤ እጆቼን ግን ከጭኖቼ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። አሥራ አንዱንም ማይል አለቀሰች። በዚህኛው ጊዜ አልፈታሁም።

አሁን ሦስቱም እላይ ተኝተዋል፤ ማሪትም በፍራሹ ጫፍ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። ከልጅሽ ጋር በስልክ ስታወሪ ይህን ደብዳቤ ብታነሺላትም ባታነሺላትም ፈቃድሽ ነው፤ ለአንቺ ትቼዋለሁ። ለኤይናር ያልሽው ይቅርታ ግን ላልበደለሽ ሰው ስለሄደ መልሰሽ ውሰጂው።

እግዚአብሔር ዳሌሽን ያጽናልሽ፤ የልጅ ልጆችሽ ሦስት ሆነው ዓይንሽን ይዩት። መልስ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም።

ታናሽ እህትሽ