አረንጓዴው ምልክት

ኅዳር 14 ቀን 1975 እ.ኤ.አ.

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ሳል ተወሽ ወይ? ባልሽና ሕፃኗስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ።

የአስተማሪነትሽን ነገር ልንገርሽ። ፕሮፌሰር ላንግሐይን የትምህርት ሚኒስትር ሲሆኑ «በቃ፣ ከመባረር ተረፍሽ» ብዬሽ ነበር። ሰው በሐሳቡ ምክንያት ከመንግሥት ሥራ አይባረርም የሚለውን መጽሐፋቸውን ሦስት ጊዜ የተየብኩት እኔ ነኝ። ተማሪ ሳለሽ ከኮሚኒስቶቹ ጋር በአንድ ዝርዝር ለተማሪዎች ምርጫ መቅረብሽን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ብዬ ተኛሁ።

ትናንት ጠዋት ፋይልሽ ከቢሯቸው ወጣ። «ትሰናበት» ከሚለው የውሳኔ ሐሳብ ጎን በአረንጓዴ ቀለም ራይት ተደርጓል። እዚህ መሥሪያ ቤት በአረንጓዴ የሚጽፈው ሚኒስትሩ ብቻ ነው። ራይት ካደረገ ጸድቋል ማለት ነው።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ሳሉም ቀይ ቀለም ተማሪዎቹን ያስደነግጣል ብለው በአረንጓዴ ነበር የሚያርሙት፤ ራይታቸውም «እስከዚህ አንብቤያለሁ» ከማለት አያልፍም። የመዝገብ ቤቱ ፎስካምፕ እንኳ «ሰውየው ሚኒስቴሩንም የመማሪያ ክፍል አደረጉት እኮ» ብሎ ቀለደ። ፋይሉን እስከ ምሳ ሰዓት እንዲያቆይልኝ ለመንኩት፤ አቆየልኝ።

ፕሮፌሰሩ ዘንድ ገባሁና እዚህ ራይት ማለት ማጽደቅ መሆኑን ነገርኳቸው። እህቴ መሆንሽን ያውቃሉ፤ በልደቴ ቀን የጋገርሽውን የፕለም ኬክ ሁለቴ አስጨምረው በልተዋል። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሪት ብሪንክማን» አሉኝ፣ «የቀለሙን ትርጉም በመጀመሪያው ቀን ያስረዱኝ እርስዎ ነዎት። አልተሳሳትኩም።»

መጽሐፉስ አልኳቸው። ለሁለተኛው እትም ይህንኑ የሚለውን አራተኛውን ምዕራፍ እያስተካከሉት እንደሆነ ነገሩኝ፤ ወዲያውም ረቂቁን አቀበሉኝ። እስከ ረቡዕ ተይቦ ይድረስልኝ አሉ። ተቀበልኳቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያቀበሉኝን ስቀበል ኖሬያለሁ፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ተዘረጋ።

የስንብቱ ደብዳቤ ሰኞ ይደርስሻል። ይግባኝ ለማለት አንድ ወር አለሽ፤ ዛሬውኑ ጠበቃ ያዢ። የመጽሐፉን የመጀመሪያ እትም ልኬልሻለሁ፣ ለጠበቃው ስጪው። ደብዳቤውን ግን እናታችን አጠገብ አትክፈቺው። አናቱ ላይ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ፣ የተየበችው ጸሐፊ ስም መነሻ ፊደላት አሉ፤ እናታችን ደግሞ መነጽሯን ካደረገች ምንም አያመልጣትም።

እግዚአብሔር ያበርታሽ። ልጅሽንም ያሳድግልሽ።

ታላቅ እህትሽ