ሳይታጠብ የተቆረጠው ሸማ

ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት
የስፌት መኪናዋ ዛሬም ክር ትበጥሳለች። ዘይት አጠጣኋት፣ እምቢ። ሴቶቹ ይፈትላሉ። ሸማኔያችን አያ ደሴ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ብርዱን ይራገማሉ። የነፋስ መውጫ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ደብተሬ፣ ዛሬ ደኅና ቀን ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ባጃጅ መጣ። ሁለት ጆንያ አወረደ። አፋቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት አላውቃቸው!

በዚያው ቀን፣ 9 ሰዓት
የላክነው አርባ ቀሚስ ሁሉ ተመለሰ። የአዲስ አበባዋ ነጋዴ ደወለች። አልተሳደበችም፣ ምነው በተሳደበች። አንዷን ለሙከራ አጥባ አሰጣቻት። ቁርጭምጭሚት የሚደርሰው ቀሚስ ጉልበት ላይ ቀረ፣ እጅጌው ክርን ላይ። ይህን ለሰው አልሸጥም አለች። የጥምቀቱም ትእዛዝ ቀረ። እሱ ከቀረ የፈታዮች ማኅበራችን አለቀለት።

ለአሥራ አንዱም ሴቶች ነገርኳቸው። እማማ ጥሩ ያጠረችውን ቀሚስ አንስተው ክሯን በጣታቸው አሹ፣ አሹ። የሁሉም ቀሚስ ድር የእሳቸው ፈትል ነው፤ ጠንካራውን ክር ለሌላ ሰው አንሰጥም። ጥፋቱ የኔ ነው አሉ፣ እጄ አርጅቷል፣ ክሬ ተበላሽቷል።
እኔ ቀሚሷን ተቀብዬ አጣጠፍኩ።

ታኅሣሥ 6
ላንቺ እንኳ ልናዘዝ። አውቅ ነበር። ባሕር ዳር ስልጠና ላይ አስተማሪዋ በእጅ የተፈተለ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ያጥራል፣ ሳትነክሩ አትቁረጡ ብላናለች። እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሬበታለሁ፣ ጉድ እኮ ነው!

ስመለስ እንጠበው አልኳቸው። ወይ ጉድ፣ የሳቁት ሳቅ! እኛ አገር ሸማ ይለበሳል እንጂ በልክ ይሰፋል እንዴ? ነጠላ ስንዝር ቢያጥር ማንም ልብ ስለማይል ማጠሩን የሚያውቅ የለም። አዲስ ሸማ ከሸማኔው እጅ እንደወጣ፣ ድርቅ እንዳለ ነው የሚለበሰው። የታጠበማ አሮጌ ነው። እማማ ጥሩ፣ ያጠቡትን ጨርቅ አዲስ ነው ብሎ መሸጥ ሰው ማታለል ነው፣ ለነፍስ አባቴ ምን ልበል አሉ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምክንያቱን ሳልነግራቸው! ከእናቴ እኩያ ጋር መከራከር አፈርኩ፤ ይሉኝታ። ደግሞ ትእዛዙ አስቸኳይ ነበር፣ በዚህ ብርድ ማድረቅ ቀናት ይፈጃል። እምቢ ማለታቸው ተመቸኝ። መቀሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 8
እማማ ጥሩ አልመጡም። ከሴቶቹ ሁለቱ ለቀን ሥራ ገብስ አጨዳ ሄዱ። አያ ደሴ ካለ እማማ ጥሩ ክር ድር አልዘረጋም ብለው ወደ ቤታቸው። መኪናዋ ዛሬ አትበጥስም፣ ምን ሥራ አላት። እንደኔ ያለ ሰው ምን ይባላል? አጭበርባሪ እንኳ አይደለሁ። ፈሪ ነኝ።

ታኅሣሥ 10
እማማ ጥሩ ቤት ሄድኩ። ልነግራቸው። እንዝርታቸው የለም፤ ለጎረቤት ልጅ ሰጥተውታል። ተቀመጪ ስንዱ አሉኝ፣ ሣጥናቸውን ከፍተው አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ አወጡ። ሲሞቱ የሚገነዙበት። ራሳቸው ፈትለውት፣ ስንት ዘመን ሣጥን ውስጥ የኖረ። ይህም እንደ ቀሚሶቹ ያጥር ይሆን ብለው ጠየቁኝ፤ እግሬን ሳይሸፍን ይቀር ይሆን?
አያጥርም አልኳቸው። የሄድኩበትን ሳልነግራቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 12፣ ሚካኤል
ከቅዳሴ መልስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ለእማማ ጥሩ ነገርኳቸው። እጅዎ አልታመመም፣ ጨርቁ መታጠብ ነበረበት፣ እኔም አውቅ ነበር አልኩ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ለእጄ ጸበል ስጠመቅ ሰንብቻለሁ አሉ፣ በዚህ ውርጭ፣ በየማለዳው። ከዚያ፦
«ያጥራል ብትይኝ ኖሮ በእግሬ ረግጬ አጥብልሽ ነበር። ምነው ልጄ፣ ሰው አላልሽኝም?»
ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ይቅር አላሉኝም። ይበሉኝም አልል።

ታኅሣሥ 14፣ ማለዳ
አልተኛሁም። ወስኛለሁ። ዛሬ የቀሩትን ሰብስቤ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፣ ይህንኑ ገጽ አነብላቸዋለሁ። የማኅበሩን ቁልፍ አስረክባለሁ። ከዚያ ቢያባርሩኝ እሄዳለሁ፣ የት እንደምሄድ ባላውቅም። ማኅበሩ የሚተርፍ አይመስለኝም።

ሰው አንኳኳ። ቆይ።

እማማ ጥሩ ናቸው። እንደምን አደርሽ የለ፣ ምን የለ። ያን ጥቅል ክንዴ ላይ ጣሉት። አሁን እዚህ ፊቴ እጠቢው አሉ፣ ሲደርቅ እኔው ላይ ትለኪዋለሽ፣ ከራሴ እስከ እግሬ። ታጥቦ እስኪደርቅ በር ላይ ቁጭ ብለዋል። ገንዳው ሞልቷል። አያጥርም ብያቸው ነበር ደብተሬ፣ ካጠረስ?