ዶሮ የታቀፈችባት ዶቅዶቄ

ሉማሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሩሃማ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ያ የማያባራው፣ የባሕር ማዶው የቤርገን ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ጤናዬም ሥራዬም ደኅና ነው። በየሳምንቱ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ ብነግርሽ አታስጨርሺኝማ! ገና ከመጀመሪያው ቃል "እማዬ፣ አበድሽ?" ብለሽ ታቋርጪኛለሽ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። በይ ቁጭ በይና አንብቢ። ሞተር ገዝቻለሁ።

አዎ፣ ሞተር ሳይክል። በስሜ ዞሯል። መንጃ ፈቃዱንም ደብረ ማርቆስ ሄጄ ተፈትኜ አውጥቻለሁ። ጩኸትሽን ጨርሺና ቀጥይ።

ነገሩ የተጀመረው ግንቦት ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩትን አቶ ይታያልን ታስታውሺያቸው እንደሆነ አላውቅም። የግብርና ባለሙያ የነበሩት፣ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ያሉት ሰው ናቸው። ላማቸው ጡቷ አብጦ ላክም ሄድኩ። ወግቻት እጄን ስታጠብ፣ ከዳሱ ጥግ አንዲት ያረጀች ያማሃ ቆማ አየሁ። ሰማያዊ ቀለሟ ደብዝዟል። መቀመጫዋ ላይ ጭድ ተነጥፎ ቀይ ዶሮ ታቅፋበታለች።

"አቶ ይታያል፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ጉብዝናዬ ነው" አሉኝ።

"ይሸጣል?"

"ጉብዝና ይሸጣል እንዴ፣ ሐኪም?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸውን ተዉት። "የምርዎን ነው?"

የምሬን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ስኳትን አይተሻል። ባጃጅ የሚያደርሰኝ አስፋልቱ እስካለበት ድረስ ነው፤ የታመመ ከብት ደግሞ አስፋልት ዳር አይተኛም። ስንት ቤት ደርሼ "ምነው ትንሽ ቀደም ብትይልን" ተብያለሁ። መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ አዲስ ግዢ ብለውኝ ነበር። አዲሶቹን ሄጄ አየሁ፤ ልቤ ምንም አላለ። ይቺን ሳይ ግን ደነገጠ። አቶ ይታያል ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ "እሷ ስትታመም ሕመሟን ትናገራለች። መንገድ ዳር ቁጭ ብለው በአንድ መፍቻ ያድኗታል። እኔ ጉልበቴ እምቢ ባይል አልሰጥዎትም ነበር።"

ሁለት ነገር ብቻ ለመኑኝ። ዶሮዋ ጫጩቶቿን እስክታወጣ እንድንጠብቅ፣ እና መንዳቱን ራሳቸው እንዲያስተምሩኝ። ጠበቅን።

ክረምቱን ሁሉ ስንጠግናት ከረምን። ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኛ ዳሱ ሥር ቁጭ ብለን እንፈታለን፣ እናጥባለን፣ እንገጥማለን። የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ውስጡ ዝጎ ስለነበር ጠጠር ከተትንበትና እንደ ጽናጽል ስናንቀጫቅጨው ውለን ዝገቱን አራገፍነው። ጎማና ካቴና ከደብረ ማርቆስ አስመጣን። ሁሉ ተገጥሞ ሲያልቅ አቶ ይታያል የሚያስነሷት እርስዎ ነዎት በሚል ዓይን አዩኝና ወደ ጎን ቆሙ። በእግሬ መታኋት፤ ዝም። ደግሜ መታኋት፤ ዝም። እንደገና ስመታት እንደ ሽማግሌ ሳለችና "ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ" አለች! ጭሷ ግቢውን ሞላው፤ ጫጩቶቹ ተበታተኑ። አቶ ይታያል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን ሲጠርጉ "ጭሱ ነው" አሉኝ።

መስከረም ሲጠባ ትምህርቱን ጀመርን። እኔ መስኩ ላይ እነዳለሁ፤ እሳቸው በዚያ ጉልበታቸው ከኋላዬ እያነከሱ "ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ! ኧረ እባክዎ ፍሬን ይያዙ!" ይላሉ። ሰው ሊሰበር ሲል እንኳ እባክዎ የሚሉ ሰው ናቸው። ፍሬን የያዝኩ መስሎኝ ነዳጅ ሰጠኋትና የሰው ኑግ መሐል ገባሁ። ቀና ስል ፀጉሬም አፌም ቢጫ አበባ ነው። "ተጎዱ?" ብለው ደረሱ። አልተጎዳሁም፤ መሳቅ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ እንጂ። እሳቸውም ተከተሉኝ። የኑጉ ባለቤት ሊቆጣ መጥቶ ከእኛ ጋር ስቆ ተመለሰ። ሩሃማ፣ አባትሽ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

አሁን በየቀኑ እነዳታለሁ። ጠዋት ቤንዚኑን ከዘይቱ ጋር በላስቲክ ጠርሙስ ቀላቅዬ አጠጣታለሁ፤ የክትባቱን በረዶ ሣጥን ከኋላ በጎማ ጠፍር አስራለሁ፤ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ፣ ከነጠላዬ በላይ ጃኬት። ገበሬው ድምጿን ከሩቅ ሰምቶ ከብቱን አስሮ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ዳገት ላይ ቀጥ አለችብኝ። አንድ አውቶቡስ ቆመና ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ "እማማ፣ እንግፋልሽ?" አለኝ። "ካንዴላዋ ጥላሸት ይዞ ነው፣ ልጄ፣ ሂዱ" አልኩት። ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ ገጠምሁ፣ መታሁ፤ ተነሣች። ተሳፋሪው በመስኮት እልል አለልኝ። እንደ ሙሽራ ነው የተሸኘሁት።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ደግሞ ስሚ። ጋሽ ይታያል ካቴናዋን ሊያጠብቁልኝ ማልደው መጥተው ሳለ ስልክ ተደወለ። ከወንዙ ማዶ ያሉት እማማ ካሰች ናቸው፤ ጧሪ የሌላቸው፣ ከአንዲት ላም በቀርም ምንም የሌላቸው አሮጊት። ላማቸው ከሌሊት ጀምሮ ስታምጥ ጥጃው አልወጣ ብሏል። በትልቁ መንገድ ዞሬ ብሄድ አልደርስም። "አቋራጭ አለ፣ በጉብዝናዬ የሄድኩበት ነው" አሉና ጋሽ ይታያል ከኋላዬ ወጡ።

ከኋላ የተቀመጡት ብረቱን ጨብጠው እንጂ እኔን ነክተው አይደለም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ድንጋዩ ከጎማው ሥር ተንከባለለ፤ እኛም አብረን ልንንከባለል ሆነ። ይታያል ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘና "የኔአለም፣ ቀስ በይ!" ብሎ በስሜ ጮኸ። ፍርሃት "እርስዎ"ን አስረሳው። እኔም አላስታወስኩትም።

ስንደርስ ላሟ ተጋድማ ዓይኗ ፈዟል። እማማ ካሰች ራሷን ታቅፈው "አንቺ ከሞትሽ እኔን ማን አለኝ" እያሉ ያለቅሳሉ። እጄን ሳስገባ የጥጃው አንገት ወደ ኋላ ታጥፏል። ወደ ውስጥ መለስ አደረግሁት፣ አንገቱን አቃናሁ፣ እግሮቹን በገመድ አሰርኩ። ይታያል ገመዱን ይዞ፣ ስታምጥ እየሳበ፣ ስታርፍ እያረፈ፣ አወጣነው። አይተነፍስም። አፉን ጠረግሁ፣ ደረቱን አሸሁ፤ ምንም። ይታያል ከመሬት ጭድ አንስቶ አቀበለኝ፤ አፍንጫው ውስጥ ከተትኩ። አስነጠሰ! እማማ ካሰች እልልታውን ሲለቁት ላሟ ራሷ ቀና አለች። ጥጃዋ ሴት ናት። ስሟን "ደረሰችልኝ" ብለዋታል። በነጋታው እንገር ላኩልኝ፤ ጾሙ ሳይገባ ሁለታችን ጨረስነው።

ሰው ምን አለ? አለ እንጂ! ትናንት በሚካኤል ንግሥ "ሐኪሟ ይታያልን አፈናጥጣ ቁልቁለት ወረደች" እያሉ ሲንሾካሾኩ በጆሮዬ ሰማሁ። ድሮ ቢሆን አንገቴን እደፋ ነበር። ትናንት ግን ዞሬ "አዎ፣ ዳገቱንም ወጣን" አልኳቸው።

የላክሽልኝን የግብዣ ወረቀት አልረሳሁትም። "ጡረታ ውጪና ከእኔ ጋር ኑሪ፤ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ?" ላልሽኝ መልስ ሳልሰጥሽ ወራት አለፉ። ልጄ፣ እመጣለሁ። ክረምት ሲገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ዶቅዶቄዋ ስታርፍ፣ እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ። አቅፌሽ እተኛለሁ፤ ያንን ዝናብሽን አብረን እንሰማለን። ጭቃው ሲደርቅ እመለሳለሁ። አትቀየሚኝ። እናቴ ብቻዋን ናት ብለሽ መስጋቱን ግን ተይው።

ይታያል በር ላይ ቆሞ "የኔአለም፣ አልጨረስሽም እንዴ?" እያለኝ ነው። ደብዳቤሽን ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ልናደርስ ነው። እሱም ሰላም በይልኝ ብሎሻል።

መንገድሽ ይቅናልሽ። ዳገቱ ይለዝብልሽ፤ ቁልቁለቱ ድንጋይ አይኑረው። የሰው አገር ሰው ዘመድ ይሁንሽ። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ጋርዶ በጤና ያገናኘን።

የምትወድሽ እናትሽ፣
የኔአለም

ልዘጋው ስል ትዝ አለኝ፦ እዚህ የሚሸጠው ሄልሜት ስስ ነው። የዚያን አገር ጠንካራውን ብትልኪልኝ። ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሰፋ ያለ።