ከወለሉ መነሣት

ሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት

ወለሉ ላይ ቀረሁ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ግንባሬን እንደ ደፋሁ።

ስሰግድ መውረዱን በደንብ ወረድኩ። እጅ፣ ጉልበት፣ ግንባር፤ የጉልበት ባለሙያዬ ሞኒካ እንዳስተማረችኝ በተራ በተራ። ስነሣ ግን አንድ ነገር አንገቴን ወደ ታች ጎተተኝ። እንደገና ሞከርኩ፣ አሁንም ጎተተኝ። ከፊቴ ያሉት ተነሥተው እንደገና ወርደዋል፤ እኔ እዚያው ነኝ። በመጨረሻ አስካለ ከወንበሯ መጥታ በአንድ ብብቴ፣ የማላውቃት ሴት በሌላው ገብተው እንደ ጆንያ አነሡኝ።

አስካለ ወንበር ላይ ካስቀመጠችኝ በኋላ ጆሮዬ ስር፣ «ዊንተሩን ሙሉ ለጉልበትሽ የተመላለስሽው ለዚህ ነው?» አለችኝ። አዲስ አበባ ሳለን በአንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል። እኔ ሒሳብ፣ እሷ ስፖርት። አሁን የስፖርት አስተማሪዋ በቤተ ክርስቲያናችን የኋላ ረድፍ ቋሚ ወንበር አላት፤ የሒሳብ አስተማሪዋ ምንጣፍ ላይ ትንደባለላለች።

ልጄ ሜሮን ቤተ ክርስቲያናችን ካለበት አሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን እስክንደርስ በመስታወቱ አየት አየት ታደርገኝ ነበር። ምን እያሰበች እንደሆነ ገብቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር አልጋ ስር የገባ መነጽሬን ላወጣ ተንበርክኬ መነሣት አቃተኝ። አልወደቅኩም፣ አልተጎዳሁም፤ ጉልበቴ ብቻ እምቢ አለ። ሜሮን ሄርንደን ካለው ሥራዋ እስክትመለስ ወለሉ ላይ ቆየሁ። ስታየኝ አለቀሰች። በሳምንቱ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድንገተኛ ደወል ገዛችልኝ፤ ቀጥላም ቀን ቀን አረጋውያን ወደሚውሉበት ቤት ልታስመዘግበኝ ተነሣች። እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። በስቅለት ማንም ሳይነካኝ ሰግጄ ከተነሣሁ ቤቴ እውላለሁ። ካልቻልኩ ያለ ክርክር እመዘገባለሁ። ተስማማን።

ዛሬ ሁለት ሰው ነካኝ። ደግነቱ ዛሬ ሰኞ ነው።

ማክሰኞ

ተማሪ ሲሳሳት «እንደገና ሥራ» ብዬ አላውቅም። «የቱ ጋ ነው የተሳሳትከው?» ነው የምለው። ስለዚህ ሜሮን ሥራ ስትሄድ መኝታ ቤቴን ዘግቼ ስሕተቱን ፍለጋ ገባሁ። ደወሉን አንገቴ ላይ አደረግኩ። አልጋው በእጄ ርቀት ላይ ነው።

በስፖርት ሱሪ ወረድኩ። ተነሣሁ። ምንም ችግር የለም። ትንሽ አርፌ እንደገና፤ አሁንም ምንም።

ቀጥዬ የሰኞውን የሐበሻ ቀሚስ ለበስኩና ወረድኩ። ልነሣ ስል ያው ጉተታ! ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቀሚሴን ጫፍ በገዛ ጉልበቴ ረግጬዋለሁ። ቀና ለማለት በታገልኩ ቁጥር ቀሚሱ ከአንገቴ ይይዘኛል። ነጠላውም ከፊት ወርዶ መዳፌ ስር ገብቷል። ለካ ሰኞ ዕለት ራሴን በራሴ ጠፍሬ ነው ስታገል የነበርኩት።

ብቻዬን ሳቅኩ። ከጥር ጀምሮ የትኛው እግር እንደሚቀድም፣ እጅ የት እንደሚያርፍ ሳጠና ከርሜ የምለብሰውን ልብስ ረሳሁት። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ጥያቄውን በሙሉ አላነበብክም እለው ነበር።

ምግብ። ሐኪሜ ስኳሬ ጠርዝ ላይ ነው ስላለች የንስሐ አባቴ ሳልቆይ እንድበላ ፈቅደውልኛል። ጾም በራሱ የሚያከሳ ይመስለኝ ነበር። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ሳምቡሳ፤ ሁሉም የጾም ነው፣ ግን ስኳሬን የሰቀለውም እሱው ነው። አሁን የሳህኔ ግማሽ ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሩቡ እንጀራ ነው። ሜሮን ትናንት፣ «እማዬ፣ እንጀራውን በፕሮትራክተር ነው እንዴ የምትቆርሺው?» አለችኝ። በዓይኔ ነው። ዓይኔ ግን የሠለጠነ ነው።

አስካለ ከሴቨን ኮርነርስ ገበያ ገዝታ የላከችልኝን ሳምቡሳ አንድ በልቼ የቀረውን ለሜሮን ምሳ ቋጠርኩ። አንዱንም ቁጭ ብዬ፣ በሳህን፣ ቀስ ብዬ በላሁ። ቆሜ ብበላው ኖሮ አራት ይሆን ነበር።

ረቡዕ

ከሞኒካ ጋር የመጨረሻው ቀጠሮ። ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አይከፍልም።

ሞኒካ ጉልበቴን የምታሠራኝ ባለሙያ ናት። የሜሮን እኩያ ብትሆን ነው። የመጀመሪያ ቀን ግብሽ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ ስግደት አልኳት። ደረጃ መውጣት፣ ዕቃ መሸከም የሚሉ እንጂ ይህን ያላት ሰው አልነበረም። «አሳዪኝ» አለች። ወርጄ አሳየኋት፤ ያነሣችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ከከፍተኛ ወንበር ወደ ዝቅተኛ፣ ከዝቅተኛ ወደ ትራስ፣ ከትራስ ወደ ወለል አወረደችኝ። አትቸኩልም። የምታስተምረው ነገር የሚገባት ሰው ናት።

ዛሬ በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ ገባሁ። ክሊኒኩ ውስጥ በቆመው ብስክሌት ጉልበታቸውን የሚያሠሩት ሽማግሌ ፔዳሉን አቁመው፣ «ሰርግ አለ እንዴ?» አሉኝ። «ፈተና ነው» አልኳቸው።

ሞኒካ የሰኞውን ስነግራት ግንባሯን በእጇ መታች። «ምን ለብሰሽ እንደምትሰግጂ ሳልጠይቅሽ!» ጥፋቱን ተካፈልን። መፍትሔው ከኔው ሻንጣ ወጣ። መቀነት። ሴቶቻችን ሥራ ሲበዛባቸው ቀሚሳቸውን በመቀነት ሰብሰብ እንደሚያደርጉት ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ አድርጌ አሠርኩት። ነጠላውንም ጫፉን ወገቤ ላይ ሸጎጥኩ። ወረድኩ፣ ተነሣሁ። ሽማግሌው አጨበጨቡ።

የቀረ ስሕተት፦ ስነሣ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሞኒካ እያወጣሽ ተነሺ ትላለች።

ከዚያ፣ «ዓርብ ጉልበትሽ እምቢ ካለሽስ?» ብላ ወንበር አቀረበችልኝ።

«ወንበር አልፈልግም።»

«በካልኩሌተር ለሠራ ተማሪ ዜሮ ትሰጪ ነበር?»

«አዎ።»

ሳቀች። ቢሆንም ወንበር ይዞ መነሣትን ሳታሠራኝ አልለቀቀችኝም። የፊት እግሮቹን አጠገቤ፣ መቀመጫውን ወደኔ። ለእሷ ስል ሠራሁት።

ስንለያይ አቀፈችኝ። ሕማማት ነው፣ መሳሳም የለም ብዬ ላስረዳት አሰብኩና ተውኩት።

ሐሙስ

ጉልበቴን አሳረፍኩ። ሥራ ማለት ሁልጊዜ መሥራት አይደለም፤ ይህን ለማመን ዕድሜዬን ፈጅቷል።

ጉልባን ቀቀልኩ። ስንዴ ቀነስ፣ ባቄላ ጨመር አደረግኩ። ሜሮን ልዩነቱን አላወቀችም።

ከሰዓት በኋላ አስካለ ከስፕሪንግፊልድ ደወለች።

«ነገ ወንበርሽን ልያዝልሽ?»

«አትያዢልኝ።»

«ኧረ ኦሎምፒክ! እንግዲያስ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።» ስቃ ስታበቃ፣ «አንቺ፣ ሰው እንዲያይሽ ነው እንዴ?» አለች።

ጥያቄው ትክክል ነው። ትንሽ እሱም አለበት። ግን የምፈራው ሌላ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን የማልታመን ሰው መሆንን። ይህንኑ ነገርኳት።

 ከዚያ፣ «እኔ ሽንት ቤት ስነሣ ምን ይዤ እንደምነሣ ታውቂያለሽ? የፎጣ መስቀያውን። ባለፈው ሳምንት ከነቡሎኑ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ» አለች። ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን። 

ዓርብ፣ ስቅለት

መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ቀሚሱ አልያዘኝም።

ሜሮን ዛሬ ከሥራ ኦፍ ወስዳለች። ማልደን ወጣን፤ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ባዶ ነበር። ድልድዩን ስንሻገር መቀነቴን እየደጋገምኩ አጠበቅኩ። ሜሮን፣ «እማዬ፣ ባይሆንልሽ እኮ...» ብላ ጀመረች። «ፈተና አዳራሽ ውስጥ ወሬ የለም» አልኳት።

ጠዋት «ኪርያላይሶን» ሲባል ከሕዝቡ ጋር ወረድኩ። ትንፋሼን እያወጣሁ ተነሣሁ። ማንም አላየም፤ ሁሉም በየራሱ ስግደት ላይ ነው። አስካለ ያለችው ተመልካች የለም። ይህ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ቁጭ እያልኩ፣ አልፎ አልፎ እየወረድኩ ቀኑን ገፋሁት። አቅሜን ለመጨረሻው ነበር የማቆየው።

ማታ ላይ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን እየመቱ የየራሳችንን ስግደት ሲያዙን ተሰለፍኩ። ከፊቴ ያለችውን ልጅ አርባ አንድ አሏት። እኔ ስደርስ ቄሱ ሽበቴን አይተው ቅጠሉን ጀርባዬ ላይ አሳረፉ እንጂ አልመቱኝም።

«እርስዎ፣ እናቴ፣ በልብዎ ይስገዱ።»

ዊንተሩን ሙሉ ተዘጋጅቼ በነጻ ማርክ ልለፍ!

«አባ፣ ያልሠራሁትን ማርክ አልቀበልም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አስተማሪ ነበሩ?»

«ሒሳብ።»

ስቅለት ባይሆን ይስቁ ነበር። «እንግዲያው ሰባት» አሉ፤ አሁን ቅጠሉን ጠበቅ አድርገው መቱኝ።

ወደ ዳር ወጥቼ ጀመርኩ። እስከ አራተኛው መልካም። አምስተኛው ላይ ደህናውን እግሬን አስቀድሜ ልነሣ ስል ጉልበቴ ተንቀጠቀጠና ተመልሶ ወረደ። እንደገና ሞከርኩ። እምቢ። በጥር የቀረሁበት ወለል ትዝ አለኝ። ከኋላዬ የሜሮን ጫማ ሲራመድ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ የአስካለን ድምፅ።

«ተያት! እንዳትነኪያት!»

ቀጥሎ አንድ ነገር ወለሉን እየፋቀ መጣ። አስካለ የራሷን ወንበር በእግሯ እየገፋች አጠገቤ አቁማ ሄደች።  እሷ ያለ ወንበር ቆማ ቀረች።

ወንበሩን አየሁት። ለካልኩሌተር ዜሮ የምሰጥ ሴት ነኝ። ግን እዚያ ምንጣፍ ላይ ሆኜ ያሰብኩት፣ እዚህ የመጣሁት ለመስገድ ነው ወይስ ለመፈተን? የሚለውን ነበር። መቀመጫውን ያዝኩና ተነሣሁ። ስድስተኛውንና ሰባተኛውንም ወንበር ይዤ ጨረስኩ። እነዚያ ሦስቱ ከአራቱ ይበልጥ ስግደት መሰሉኝ።

መኪና ውስጥ ግን የልቤን ተናገርኩ። ውል ውል ነው።

«ከአምስተኛው ጀምሮ በወንበር ነው የተነሣሁት።»

«አይቻለሁ።»

«የተስማማነው ማንም ሳይነካኝ ነበር።»

«ወንበር ሰው ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ ግን...»

«እማዬ፣ ቤታችን ውስጥ ወንበር የሌለው ክፍል የቱ ነው?»

አሰብኩ። «መታጠቢያ ቤቱ።»

«እዚያም አስገባለሁ» አለች፤ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

ቅዳሜ

የሚያመኝ፦ ሁለቱም ጭኖች፣ ትከሻ፣ የእጅ አንጓ፣ አንድ ጣት (ለምን እንደሆነ አላውቅም)። የማያመኝ፦ ጉልበቴ። ይገርማል። ሞኒካ የጡንቻ ሕመምና የመገጣጠሚያ ሕመም ይለያያሉ ያለችውን አሁን ነው የለየሁት።

ሜሮን ስለ መዋያው ቤት አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም። ምናልባት ከበዓሉ በኋላ ታነሣው ይሆናል።

አስካለ ደወለች። በዙሪያ ጥምጥም ስለ ዶሮ ዋጋ፣ ስለ አየሩ አወራች። ከዚያ፣ «ያቺ ልጅ አዲስ ሰው ትቀበላለች?» አለች።

«የቷ ልጅ?»

«አታውቂም እንዴ! የጉልበቷ።»

«ትቀበላለች። ስትሄጂ ቀሚስሽን ያዢ።»

«የስፖርት አስተማሪ እኮ ነኝ፣ ለኔ ልትነግሪ ነው?»

«ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

እሑድ፣ ፋሲካ

ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰን እስከ ረፋድ ተኛን። ዶሮ ወጡን ሜሮን ናት የሠራችው፤ ዘይቱን ቀነስ አድርጋለች፣ ሽንኩርቱን ግን አልቸኮለችበትም። ሳህኔን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ጎመን ሞላሁ። በፋሲካም? አለችኝ። በፋሲካም አልኳት። ከዚያ እሷ ራሷ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰችኝ፤ ጉርሻ ከየትኛው ሩብ እንደሚቆጠር አላውቅም። ጣፋጭ ነበር።

ከምሳ በኋላ ልብሴን ስቀይር ደወሉ ከአንገቴ ወልቆ ወደቀና ተንከባሎ አልጋ ስር ገባ። ሜሮን ሳሎን ስልክ ላይ ናት፣ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች። ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ እዚህ ስር መጥረጊያ እንዳልደረሰ ታዘብኩ፣ ደወሉን አገኘሁት።

መስታወቱ ፊት ቆሜ አንገቴ ላይ እየመለስኩት ሳለ ነው ከወለሉ መነሣቴ ትዝ ያለኝ። ምን ይዤ ተነሣሁ? የትኛውን እግር አስቀደምኩ? ብዙ አሰብኩ። አላስታውስም።