ስለ ከዋክብት ዘለላ የጠየቅኸኝ

አባዬ፣

አፈር ካለበስንህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። እዚህ እስራኤል፣ ክፋር ማርሞሬክ ያለው ቤት እንዳለ ነው፤ ከጓሮ የተከልከው በርበሬ ግን ሰው ሳይለቅመው ተክሉ ላይ እንዳለ ደረቀ። እኔ የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ እማዬ ዘንድ ገብቻለሁ። ብቻዋን መሆን አትችልም።

መሞትህን ረስታዋለች። መጀመሪያ ላይ "አባትሽ የት ሄደ?" ስትለኝ እውነቱን እነግራት ነበር። በነገርኳት ቁጥር መርዶውን እንደ አዲስ እየሰማች ደረቷን ትደቃለች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ደግሞ መልሳ ትጠይቀኛለች። አሁን "ለጸሎት ምኩራብ ሄዷል" እላታለሁ። "ቤሰደር፣ እሺ" ትልና ነጠላዋን አስተካክላ በር በሩን እያየች ትቀመጣለች።

የሥነ ፈለክ ዶክትሬቴን ጨረስኩ። በመጨረሻ፣ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ፣ "እስቲ ያንን ሥራሽን በአማርኛ አስረጂኝ" ያልከኝ እሱን ነው። ቃል እያጠረኝ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ እየቀላቀልኩ ነገርኩህ። በትልልቅ ጋላክሲዎች መሃል ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ አለ። ዳር ዳሩን ደግሞ እጅግ ያረጁ ከዋክብት እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ይዞራሉ። ዘለላዎቹ በበዙበት ጋላክሲ ጉድጓዱም ከባድ ሆኖ ይገኛል።

"ጉድጓዱ ነው የሚስባቸው?" አልከኝ።

አይደለም አልኩህ፤ በጣም ስለሚራራቁ ጉልበቱ እዚያ አይደርስም። እኛ የምናስበው ሌላ ነው። ትልቁ ጋላክሲ ትልቅ የሆነው ትንንሾቹን እየዋጠ ነው። የተዋጡት ጋዛቸውና የየራሳቸው ጉድጓድ ወደ መሃል እየሰጠመ የመሃሉን ያከብደዋል፤ ዘለላዎቻቸው ደግሞ ጠንካሮች ስለሆኑ ሳይበተኑ ዳር ላይ ይቀራሉ። ለዚህ ይሆናል ሁለቱ አብረው የሚያድጉት፤ ገና ጨርሰን አላወቅነውም።

"የተዋጡት ትንንሾቹ ስም አላቸው?" ብለህ ጠየቅኸኝ።

"የላቸውም አባዬ። ማንም ሳያያቸው ነው የጠፉት።"

ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ከዚያ ተወልጄ ሰምቼው የማላውቀውን ነገርከኝ። ከእኔና ከአቪ በፊት ሁለት ልጆች ነበሯችሁ፤ ስመኝ እና ይርጋ። ከጎንደር ወርዳችሁ አዲስ አበባ ወደ እስራኤል የሚወስዳችሁን አውሮፕላን ስትጠብቁ ኩፍኝ ገባ። ሁለቱንም ተከታትለህ ቀበርካቸው። አውሮፕላኑ ላይ ሌሎቹ እናቶች ልጅ አዝለው ሲወጡ የእማዬ ጀርባ ባዶ ነበር። እዚህ ከደረሳችሁ በኋላ ስማቸውን እንዳታነሳባት ለመነችህ። አንተም እሺ ብለህ ያን ሁሉ ዘመን ኖርክ።

ከቀብርህ በኋላ ለአቪ ነገርኩት። ስማቸው በሐውልትህ ላይ ይጻፍ ስለው ተቆጣ። "እዚያ የቀሩ ልጆች እዚህ ድንጋይ ላይ ምን ይሠራሉ?" አለኝ። ወንድሜ እህትና ወንድም ሞተውበት ሳያውቅ ማደጉ ነው ያንገበገበው፤ ቁጣው በእኔ አልነበረም። ለብዙ ጊዜ ስልኬን አላነሳም። በኋላ እኔ ሳላውቅ ራሱ ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ሄዶ፣ ከስምህ ሥር ሁለቱንም አስቀረጸ።

ባለፈው ዓርብ እማዬን ይዘናት ወደ መቃብርህ መጣን። ድንጋዩን የምናጥብበት ውሃ አቪ በጠርሙስ ይዞ ነበር። እማዬ ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። ያንተን ስም ስትሰማ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። ስመኝ፣ ይርጋ ስል ግን ጠርሙሱን ከአቪ እጅ ነጠቀችው።

"ጉሮሯቸው ደርቋል" አለች። "ውሃ ውሃ ሲሉ ነው ያደሩት።"

ጎንበስ ብላ በስማቸው ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላቸው፤ መጀመሪያ ለይርጋ፣ ታናሹ እሱ ነው መሰለኝ። ሲያልቅባት ባዶውን ጠርሙስ ዘረጋችልን። አቪ ተቀብሏት ወደ ቧንቧው ሄደ፤ ሲመለስ ፊቱን አጥቦ ነበር።

ቤት ስንደርስ እማዬ የት ውለን እንደመጣን አታውቅም። አባዬ፣ ከእንግዲህ እሷ አታስታውስም፤ አንተም የለህም። የቀረነው እኔና አቪ ነን። አንተን ስናነሳ ሁለቱንም እናነሳለን፤ ልጅ ከወለድንም ስማቸውን ከስማችን ጋር ይማራል።

ልጅህ ብርሃኔ